የሰውነት አስተማሪ በከሚሴ፦ ስለ ፒላቴስ አሠልጣኝነትና ስለ ምስክር ወረቀቱ የተደረገ ምልልስ

ተጠራጣሪው፦ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ በሆነችው በከሚሴ የምስክር ወረቀት ያላቸው የፒላቴስ አሠልጣኞች ቢኖሩ ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ ከመመዘኑ በፊት፣ ሙያው ለማን ተብሎ እንደተደራጀ መመርመር ይገባል። ፒላቴስ የሆድን፣ የጀርባንና የዳሌን ጥልቅ ጡንቻዎች በዝግታ፣ በትክክለኛ አቋምና በተመጠነ አተነፋፈስ የሚያጠነክር የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በዓለም ገበያ የሚታወቀው በታላላቅ ከተሞች ውድ አዳራሾችና ሪፎርመር በተባለው፣ ማለትም ተንሸራታች መደቡ በሞላ ተወጥሮ ሰውነትን በሚገፋና በሚስብ መሣሪያ ነው። ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኝ፣ ዙሪያዋን በእርሻ፣ በከብት እርባታና በንግድ በሚተዳደር ሕዝብ በተከበበች ከተማ እንዲህ ያለው ሙያ ምን ቦታ ሊኖረው እንደሚችል በግልጽ አይታይም።

ደጋፊዋ፦ ዘዴው ዛሬ ከሚሸጥበት አዳራሽ ይልቅ ከተፈጠረበት ስፍራ ቢታይ መልኩ ይለወጣል። ጆሴፍ ፒላቴስ በ1883 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በመንሽንግላድባህ ከተማ የተወለደ ሲሆን፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ በእንግሊዝ ይኖር ስለነበር እንደ ጠላት አገር ዜጋ ተቆጥሮ መጀመሪያ በላንካስተር፣ በኋላም በማን ደሴት በሚገኘው በኖክአሎ የመታገቻ ሰፈር ለዓመታት ተይዟል። ኋላ ኮንትሮሎጂ ብሎ የጠራውን፣ ማለትም አእምሮ በጡንቻዎች ላይ ሙሉ ቁጥጥር የሚያገኝበትን ሥርዓት ያዳበረው በዚያ የእጦት ዘመን ከእርሱ ጋር የታገቱ ሰዎችን እያሠራ ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ ከሕይወት አጋሩ ከክላራ ጋር የራሱን ማሠልጠኛ ከከፈተ በኋላም፣ በ1945 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ የዘረዘራቸው 34 እንቅስቃሴዎች ከወለልና ከምንጣፍ በስተቀር ምንም የማይፈልጉ ናቸው። ምንጣፍ ደግሞ በከሚሴ በየቤቱ አለ።

ተጠራጣሪው፦ አንድ ነገር በእጦት መወለዱ ለሌላ እጦት መድኃኒት አያደርገውም። የዞኑን ሴቶች ኑሮ ከእውነቱ መነሳት ያስፈልጋል። በደዋ ጨፋ ወይም በአርጡማ ፉርሲ ወረዳ የምትኖር ሴት 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ወደ ሰንበቴ የእሑድ ገበያ ወይም ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ በእግሯ ትወጣለች ትወርዳለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ ይበቃል ያለ ሲሆን፣ ይህች ሴት ያንን መጠን ሳምንቱ ሳይጋመስ ታልፈዋለች። ለእርሷ የሚያስፈልጋት የውኃ ቧንቧ፣ ወፍጮና ዕረፍት እንጂ ተጨማሪ እንቅስቃሴ አይደለም።

ደጋፊዋ፦ ለእርሷ የተባለው ትክክል ነው፤ ከሥራዋ አንስቶ ወደ ክፍል የሚወስዳት ሰውም ሊኖር አይገባም። ነገር ግን በከተማው ውስጥ ሌላ ዓይነት ኑሮ እየሰፋ ነው። ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ የሚውል ልብስ ሰፊ፣ ከባጃጁ መሪ የማይነሳ ሾፌር፣ ከሱቅ ባንኮኒ ጀርባ የምትቀመጥ ነጋዴ፣ የባንክና የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ጠመኔ ይዛ ለሰዓታት የምትቆም መምህርት፣ ከወለደች በኋላ ወገቧ ያልተመለሰላት እናት ሁሉም በከሚሴ አሉ። ይኸው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ከደቂቃዎቹ በተጨማሪ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ዋና ዋናዎቹን ጡንቻዎች የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። ደግሞም መድከም ማለት መጠንከር አይደለም። ጀሪካኑን ለማንሳት ወገቧን አጥፋ፣ ገመዱን በአንድ ትከሻዋ ስባ፣ ትንፋሿን አፍና የምትነሳ ሴት በየቀኑ የምታነሳው ክብደት ጀርባዋን ሊያጠነክረው ሲችል ይጎዳዋል፤ ጉልበቷን አጥፋ፣ ሸክሙን ወደ አካሏ አስጠግታ፣ እየተነፈሰች እንድትነሳ የሚያሳያት ሰው ግን ከአንድ ቀበሌ ለሚበልጥ ሕዝብ ይጠቅማል።

ተጠራጣሪው፦ ይህ ሁሉ ስለ እንቅስቃሴ ጥቅም የቀረበ እንጂ ስለ ፒላቴስ የቀረበ አይደለም። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመረምረው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ታችኛው ጀርባ ሕመም ባወጣው ግምገማ 510 ሰዎችን ያካተቱ 10 ጥናቶችን አይቶ፣ ፒላቴስ ምንም ካለማድረግ ወይም ጥቂት እርዳታ ብቻ ከማግኘት እንደሚሻል የሚያመለክቱ፣ ጥራታቸው ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ የሆኑ ማስረጃዎች ቢያገኝም፣ ከሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ እንደሚበልጥ የሚያረጋግጥ ቁርጥ ያለ ማስረጃ አላገኘም። እንግዲያው ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በስፖርት ሳይንስ የተመረቀ ወጣት ወይም ከከሚሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የወጣች የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት በሚያውቁት መንገድ ሕዝቡን ቢያሠሩ ውጤቱ ያው ከሆነ፣ ባሕር ማዶ የተሰየመ ዘዴና ባሕር ማዶ የታተመ ወረቀት ምን ይጨምራል?

ደጋፊዋ፦ ዘዴው ከሌሎች እንደማይበልጥ ሙሉ በሙሉ መቀበል ያስፈልጋል፤ ይበልጣል ብሎ የሚሸጥ አሠልጣኝ ከመጀመሪያው ቀን እውነትን ትቷል። ለከሚሴ የሚጠቅመው አስተማሪዋ የምትሠራበት መንገድ ነው። መቶው የሚባለውን እንቅስቃሴ ለአብነት መመልከት ይቻላል። ሠሪዋ በጀርባዋ ተኝታ ራሷንና ትከሻዋን ከወለሉ ታነሳለች፣ እግሮቿን ዘርግታ ከመሬት ከፍ ታደርጋለች፣ ከዚያም የተዘረጉ እጆቿን በጎኗ በኩል በአጭር በአጭሩ ወደ ታች እየመታች አየር በ5 ምት ታስገባለች፣ በ5 ምት ታስወጣለች፤ ይህ 10 ጊዜ ሲደገም ምቱ 100 ይሞላል። መጽሐፍ ያነበበ ወይም ቪዲዮ ያየ ሁሉ ይህን ሊያዝ ይችላል። የሠለጠነች አስተማሪ ግን ምቱን ከመቁጠር በፊት ሰውነቱን ታያለች። የሠሪዋ ወገብ ከምንጣፉ ተነስቶ ቅስት ከሠራ፣ የሆዷ ጡንቻ የእግሮቿን ክብደት መሸከም አቅቶት ሸክሙ ወደ አከርካሪዋ ዞሯል ማለት ስለሆነ፣ ጉልበቷን እንድታጥፍ ታደርጋታለች፤ አገጯ ወደ ላይ ወጥቶ አንገቷ ከተገተረ ራሷን ታሳርፋታለች፤ ትንፋሿን ካፈነች ታስቆማታለች፤ እርግዝናዋ የገፋ ከሆነ በጀርባ የሚሠራውን ሁሉ ትታ በሌላ አቋም ትለውጥላታለች፤ ከወሊድ በኋላ ሆዷ መሐል ለመሐል ተከፍሎ ወደ ውጭ ሲወጣ ካየች ደግሞ እንቅስቃሴውን ጨርሳ ታስቀራለች። በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመው የፒላቴስ ሜተድ አሊያንስ የተሰኘው የባለሙያዎች ማኅበር ለተሟላ ሥልጠና ያስቀመጠው መለኪያ 450 ሰዓት ሲሆን፣ ይህ ሰዓት ስለ አካል አሠራር ከሚሰጠው ትምህርት በተጨማሪ ሌላው ሲያስተምር መመልከትን፣ በራስ አካል መለማመድንና በተቆጣጣሪ ፊት ማስተማርን ይጨምራል። በኢትዮጵያ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ክፍለ ጊዜ አንድ መምህር አንድን ሙሉ ክፍል በአንድ ፊሽካ ስለሚያሠራ፣ አንዷን አካል እንዲህ ቀርቦ የማየት ልማድ ሊያድግ የሚችልበት ዕድል ጠባብ ነው።

ተጠራጣሪው፦ የመቶው ምሳሌ የተጠቀሰው ለድጋፍ ቢሆንም ሥጋቱን ያጎላዋል። አንድ እንቅስቃሴ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚፈልግ ከሆነ በግማሽ የተማረ አሠልጣኝ ፈጽሞ ካልተማረ ሰው የባሰ አደገኛ ነው፤ ሰዎች በምስክር ወረቀቱ አምነው አካላቸውን ያስረክቡታልና። በዚህ ላይ ስሙን የሚጠብቅ በር የለም። በጥቅምት 2000 እ.ኤ.አ. በማንሃተን የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ፒላቴስ የሚለው ቃል እንደ ዮጋና እንደ ካራቴ የእንቅስቃሴ ዓይነት መጠሪያ እንጂ የአንድ ድርጅት የንግድ ምልክት ሊሆን አይችልም ሲል ፈርዷል። ከዚያ ወዲህ በጥቂት ቀናት የኢንተርኔት ትምህርት የምስክር ወረቀት የሚሸጡ እንደ አሸን ፈልተዋል። በከሚሴ አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ወረቀት በግድግዳው ላይ ቢሰቅል፣ ከ450 ሰዓቱ ወረቀት የሚለይለት ደንበኛ አይኖርም።

ደጋፊዋ፦ ፍርዱ በጎም ጎን አለው፤ ስሙ የአንድ ድርጅት ሆኖ ቢቀር ኖሮ ከሚሴ ውስጥ ዘዴውን በስሙ ለማስተማር ከኒው ዮርክ ፈቃድ መግዛት ባስፈለገ ነበር። የምስክር ወረቀቱ ታሪክ ራሱም ትምህርት አለው። ጆሴፍ ፒላቴስ አብዛኛውን ዕድሜውን ያስተማረው ያለ ምንም ወረቀት ሲሆን፣ በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመት በ1967 እ.ኤ.አ. ግን ካቲ ግራንት የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ዳንሰኛና ሎሊታ ሳን ሚጌል የተባለች ባሌሪና በእርሱ ዘንድ ሠልጥነው በይፋ ተመስክሮላቸዋል። ሥልጠናው የተካሄደው በኒው ዮርክ ግዛት የሙያ ተሐድሶ ፕሮግራም፣ ማለትም ሰዎችን በሙያ መልሶ ለማቋቋም መንግሥት በሚያካሂደው አሠራር በኩል ነበር። የመጀመሪያው የታወቀ የፒላቴስ ምስክርነት በገበያ የተገዛ ሳይሆን፣ አንድ መንግሥታዊ አካል ሠልጣኝ እንዲኖረው ፈልጎ፣ አንድ ሽማግሌ መምህር በዓይኑ እያየ ያስተማረው ነው። ለኢትዮጵያ የሚጠቅመውም ይኸኛው መንገድ ይመስላል።

ተጠራጣሪው፦ ያ መንገድ ዛሬ በውጭ አገር እንኳን ተለውጧል። እውቅ የሆነው የአሜሪካ የፒላቴስ የምስክርነት ፈተና ከተሰጡት አማራጮች መልስ በመምረጥ የሚጻፍ ነው፤ ተፈታኟ ሌላ ሰው ስታሠራ አይታይም። ስለዚህ በቃላት ጎበዝ የሆነች፣ በእጇ ግን የማታውቅ ሰው ልታልፈው ትችላለች፤ በእጇ የምታውቅና የውጭ ቋንቋ የሚያስቸግራት ደግሞ ልትወድቅ ትችላለች። ወጪውም በዶላር ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። በኢንተርኔት ይማሩ ቢባልም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልሉ የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት እንዳልተመለሰ ይታወሳል። ለከሚሴ ሠልጣኝ ይህ መንገድ ሦስት ጊዜ የተዘጋ ነው።

ደጋፊዋ፦ መንገዱ በውጭ በኩል የተዘጋ መሆኑ እውነት ነው፤ በውስጥ በኩል ግን የተሻለ አለ። የኢትዮጵያ የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ሲኦሲ በሚባለው የብቃት ምዘና ተመዛኙን በጽሑፍም በተግባርም ይፈትናል። የሙያ ደረጃ የሚባለው ሰነድ አንድ ባለሙያ ምን ማወቅና ምን መሥራት እንዳለበት ይዘረዝራል፤ መዛኙም ተመዛኙ ሲሠራ ቆሞ ያያል። ሰውነትን የማስተማር ሙያ በዚህ ሥርዓት ቢመዘን፣ አሁን በተጠቀሰው ነጥብ ከአሜሪካው ፈተና የጠበቀ ይሆናል። ሴቶችን ከየአካባቢያቸው መርጦ የማሠልጠን ልምድም አዲስ አይደለም፤ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶችን ለ1 ዓመት አሠልጥኖ በየቀበሌው ሁለት ሁለት እያደረገ ያሰማራ ሲሆን፣ ቁጥራቸውም ከ30 ሺህ በላይ ደርሷል። እነዚህ ሴቶች በጎረቤቶቻቸው ቤት የሚደመጡት የሰፈሩን ቋንቋና የሰፈሩን ወግ ስለሚያውቁ ነው። በዚህ ዞን የሚሠለጥኑ አሠልጣኞችም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ትከሻን ማሳረፍን፣ ጎድንን መዝጋትን፣ በአፍንጫ መተንፈስን የሚያዙበትን አጭርና ግልጽ ንግግር ራሳቸው ያበጃሉ፤ ይህን ከውጭ የሚመጣ ፈተና ሊሰጣቸው አይችልም።

ተጠራጣሪው፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደመወዝ አላት፤ ክትባትና የእናቶች ጤና ከመንግሥት ተቀዳሚ ግዴታዎች መካከል ስለሆኑ በጀት ተይዞላታል። ከሚሴ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ የቆየች ከተማ ናት፤ አካባቢዋም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በግጭት ተጎድቷል። ስብራቱ በአግባቡ ያልጠገነ፣ እግሩን ያጣ፣ ከሕመም በኋላ ግማሽ አካሉ የዛለ ሰው ባለበት ስፍራ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንደሚሠለጥኑት ያሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች፣ ማለትም የተጎዳ አካልን በእንቅስቃሴና በእጅ ሕክምና መልሰው የሚያቋቁሙ የጤና ባለሙያዎች በቅድሚያ ያስፈልጋሉ። ለፒላቴስ የሚወጣ እያንዳንዱ ብር ከዚያ የሚቀነስ ነው።

ደጋፊዋ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቅድሚያ ሊያገኝ እንደሚገባ መከራከር አያስፈልግም። ይሁን እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የታመመውን ያክማል፤ አሠልጣኟ ታክሞ የተመለሰው ወይም ገና ያልታመመው ሰው እንዲጠነክር ትረዳለች፤ ሁለተኛዋ ስትኖር የመጀመሪያው ባለሙያ ጊዜውን ለባሰባቸው ሊያውል ይችላል። ደግሞም በዚህ ዞን፣ ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ፣ ብዙ ሴቶች ወንድ በሚያሠራበት ወይም ወንዶች በሚያዩት ስፍራ ሰውነታቸውን ሊያንቀሳቅሱ አይፈልጉም። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው፣ መኪና የማይገባበት ጎዳና ለሕዝብ የሚከፈትበት መንገድ ለሰው የተሰኘው ዝግጅት በአደባባይ ስፖርት መሥራትን ቢያለማምድም፣ እነዚህ ሴቶች በአደባባዩ አይገኙም። በር ያለው ክፍል፣ ንጹሕ ምንጣፍና ሴት አሠልጣኝ ካሉ ግን ይመጣሉ። የሚመጡበት ምክንያትም ውበት ብቻ አይደለም፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ለዓመታት ተቀምጣ የሰገደች እናት ግንባሯን፣ መዳፎቿንና ጉልበቶቿን መሬት አስነክታ ሱጁድ ወርዳ ያለ ድጋፍ መነሳትን ትናፍቃለች።

ተጠራጣሪው፦ በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሃይማኖቱ ለማይችል ሰው ተቀምጦ መስገድን የፈቀደው ማንም እንዳይሸማቀቅ ነው፤ አምልኮን ወደ ስፖርት ማስታወቂያ የሚያስገባ አሠልጣኝ የእናቲቱንም ክብር የስግደቱንም ክብር ይነካል። ይህ ወደ ጎን ቢተው እንኳ እስካሁን በተሰጡት መልሶች ውስጥ ከባድ ጥያቄ ተደብቋል። ዘዴው ከሌሎች እንደማይበልጥ ታምኗል፤ መሣሪያው ቀርቷል፤ የውጭው ፈተና ቀርቷል፤ ቋንቋው የአገር ቤት ሆኗል፤ ምዘናው በሲኦሲ ይሁን ተብሏል፤ አስተማሪዋም ከአካባቢው የምትመረጥ ሴት ትሁን ተብሏል። ታዲያ ይህ ሁሉ ከተነሳ በኋላ ፒላቴስ ከሚባለው ምን ይቀራል? የቀረውስ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ተብሎ ለምን አይጠራም?

ደጋፊዋ፦ ስለ አምልኮው የተሰጠው ማሳሰቢያ ተገቢ ነው፤ ክፍሉን ስግደት ማስተማሪያ ማድረግ ስሕተት ይሆናል፤ የእናቲቱ ፍላጎት የራሷ ሆኖ ይቀራል፤ አሠልጣኟም ስለ ጉልበትና ስለ ዳሌ እንጂ ስለ ሌላው አትናገርም። ስለ ቀሪው ግን ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄዱ፣ እያንዳንዳቸው ለደካማ፣ ለመካከለኛና ለብርቱ ሰው የሚሠሩበት መልክ ያላቸው እንቅስቃሴዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት በብዙ አካሎች ላይ ተፈትነው ተሰድረዋል፤ ይህን ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም። ሁለተኛውና ዋነኛው በተቆጣጣሪ ዓይን ሥር የሚያልፈው ሰዓት ነው። ስሙ ተለውጦ የሰውነት ማጎልመሻ ቢባል ቅር አያሰኝም፤ ሰዓቱ ሲቀር ግን ሙያው ይቀራል።

ተጠራጣሪው፦ ክርክሩ አሁን ከሥሩ ላይ ደርሷል። ሙያው ያለ ተቆጣጣሪ ሰዓት የማይኖር ከሆነ፣ የመጀመሪያዋን ሠልጣኝ በከሚሴ የሚቆጣጠራት ማን ነው? በአቅራቢያዋ አንጋፋ የሌላት ሠልጣኝ ሰዓቱን የምትሞላው ብቻዋን በስልክ ስክሪን ፊት ነው፤ መዝገቧ 450 ሰዓት ይላል፣ አንድም ሰው ግን እጇን አልያዘም። ሲኦሲውም ቢሆን መዛኝ ያስፈልገዋል፤ መዛኙ ራሱ ካልሠለጠነ የተግባር ምዘናው ከጽሑፉ በምንም አይሻልም።

ደጋፊዋ፦ ይህ እስካሁን ከቀረቡት ሁሉ የበረታ ተቃውሞ ነው፤ መልሱም ሠልጣኝን ወደ ውጭ መላክ ሳይሆን መምህርን ማምጣት ነው። በአገር ውስጥ ለዚህ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። በ1996 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተጀመረው አዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቴአትር፣ እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም የተሳተፈበት፣ በድህነት ያደጉ ወጣቶችን ለዓመታት በአንድነት ያሠለጠነ ፕሮግራም ነበር። ወጣቶቹ በመድረክ ከመታየት አልፈው ሌሎችን፣ አካል ጉዳተኞችን ጨምሮ፣ ለማስተማር በቅተዋል፤ ከመካከላቸው ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን መሥርተዋል። ዳንስ ፒላቴስ አይደለም፤ ይሁንና ሁለቱም ከሰው ወደ ሰው በእጅና በዓይን ብቻ የሚተላለፉ ሙያዎች ናቸው፤ የፒላቴስ የመጀመሪያዎቹ መምህራንም በብዛት ዳንሰኞች ነበሩ። አዱኛ የሠራው አንዲትን ሠልጣኝ ለብቻዋ በመተው ሳይሆን ቡድን በማቋቋም ነው። በከሚሴም 4 ወይም 5 ሴቶች በአንድነት ቢጀምሩ፣ የሠለጠነ መምህር በየጊዜው ለወራት ቢመጣላቸው፣ መምህሩ በሌለበት ጊዜ አንዷ ስታስተምር ሌሎቹ እየተመለከቱ ቢመዘግቡና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መዝገቡን ቢያይላቸው፣ ሁለተኛው ቡድን ከውጭ መምህር ሳይጠብቅ ሊሠለጥን ይችላል።

ተጠራጣሪው፦ የመጀመሪያው ቡድን እስኪበስል ድረስ የሚማርባቸው አካሎች የማን ናቸው? ዳንሰኛ ሲሳሳት መድረኩ ላይ ይወድቃል፤ አሠልጣኝ ስትሳሳት የምትጎዳው ሌላዋ ናት። ብዙ ጊዜ የወለደችና ከባድ ሸክም ስትሸከም የኖረች ሴት የማህፀን መውጣት ሊያጋጥማት ይችላል፤ ይህም የዳሌ ወለል የሚባሉት፣ ማህፀንን፣ ፊኛንና አንጀትን ከታች ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎችና ጅማቶች ሲላሉ ማህፀን ወደ ብልት የሚወርድበት ሕመም ነው። ብዙዎች በኀፍረት ይደብቁታል። እንዲህ ያለች ሴት ሳትናገር መጥታ በጀርባዋ ተኝታ ራሷንና እግሮቿን አንስታ መቶውን ብትሠራ፣ በሆዷ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ሕመሙን ሊያብሰው ይችላል። ያየችው አሠልጣኝ የተቃና ጀርባና ያማረ አተነፋፈስ ብቻ ነው፤ ጉዳቱ ለዓይን አይታይም።

ደጋፊዋ፦ ለዓይን የማይታየው በጥያቄ ይገኛል፤ የሥልጠናው መጀመሪያም እንቅስቃሴ ሳይሆን ይህ ጥያቄ መሆን አለበት። በር ተዘግቶ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ በምትገባት ቋንቋ ስንት ጊዜ እንደወለደች፣ ስታስል ወይም ስትስቅ ሽንት ያመልጣት እንደሆነ፣ ወደ ታች የሚከብዳት ነገር መኖሩን፣ ደም ግፊት እንዳለባትና እርጉዝ መሆኗን ሳትጠየቅ ማንም ምንጣፍ ላይ መተኛት የለባትም። አዎን ያለችውን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ መላክ የአሠልጣኟ ግዴታ ነው። ይህ ጥያቄ ዛሬ ጨርሶ አይጠየቅም፤ ሴቶች በስልካቸው ያዩትን እንቅስቃሴ ማንም ሳያያቸው በቤታቸው እየሠሩ ነው፤ ስክሪኑ ምን ያህል እንደወለዱ አይጠይቃቸውም። በተግባር ምዘናውም ቢያንስ በአንዱ የፈተና ክፍል ለተመዛኟ የምትቀርበው ሴት እንቅስቃሴውን መሥራት የማይገባት መሆን አለባት፤ እንቅስቃሴውን አሳምራ ያሠራቻት ትውደቅ፣ ጠይቃ ያላሠራቻት ትለፍ።

ተጠራጣሪው፦ ይህ እስካሁን ከተባለው ሁሉ ይበልጥ የሚያሳምን ነው፤ ሆኖም በምዘና ክፍል ውስጥ እምቢ ማለት ምንም አያስከፍልም። የክፍሉን ኪራይ ከደንበኞች በምትሰበስበው ገንዘብ የምትከፍል አሠልጣኝ፣ ከ8 ሴቶች 3ቱን በመጀመሪያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ብትመልስ የወሩን ኪራይ ከየት ታመጣለች? በትንሽ ከተማ ደግሞ የተመለሰችው ሴት ጎረቤቷ ወይም ዘመዷ ናት፤ ወሬውም ከእርሷ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። ምስክር ወረቀት እውቀትን ይመሰክራል፤ በኪራይና በጎረቤት መካከል የቆመች ሴት እውቀቷን እንድትከተል ግን አያስገድዳትም።

ደጋፊዋ፦ በዚህ ምክንያት የመጀመሪያዎቹ አሠልጣኞች ከዚህ ገቢ የሚኖሩ መሆን የለባቸውም። ደመወዝ ያላቸው የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ከትምህርት ሰዓት ውጪ በትምህርት ቤቱ ክፍል ቢያሠሩ፣ ኪራይም የለም፣ አንዲትን ሴት መመለስም የወር ገቢን አይነካም።

ተጠራጣሪው፦ ያ ከሆነ ሥልጠናው የሥራ ዕድል ነው መባሉ ይቅር። ሥራ ለሌላት ወጣት ይህን ሙያ ተማሪ ብሎ መምከር፣ እምቢ ለማለት አቅም በሌላት ሰው እጅ የሌሎችን አካል ማስቀመጥ ይሆናል።

ደጋፊዋ፦ ለእርሷ የሚነገራት ሌላ ነው። ከሥልጠናው ሰዓት ሌላው ሲያስተምር መመልከት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደመወዝ ያላት መምህርት በምታሠራበት ክፍል ጥግ ተቀምጣ፣ የማን ወገብ እንደተነሳ፣ ማን ትንፋሽዋን እንዳፈነች፣ መምህርቷ ማንን ለምን እንደመለሰች በደብተር እየጻፈች ወራት ማሳለፍ ትችላለች። ከዚያ በኋላ ሙያው ሊያኖራት ይችል እንደሆነ ያለ ብድር ታውቀዋለች፤ ደብተሩም ለሚቀጥለው ቡድን ይቀራል።